ቤት ለቤት ለሚዞረው ማን ይክፈል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ስለ በጀት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የራሳችንን ጉዳይ ነው። የምግቡ ጥራት፣ የመኝታው ጥበት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ፣ የላቦራቶሪው ባዶነት የዘወትር ጨዋታችን ነው። ጥያቄው ተገቢ አይደለም የሚል ሰው የለም። ዳሩ ግን ስለ ራሱ ማመልከቻ መጻፍ የማይችለው፣ ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ያለው ዜጋ ከዚሁ ከአንዱ የሕዝብ ገንዘብ ምን ይደርሰዋል ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ብዙም አይሰማም። ወጪ መጋራት ብንፈርም እንኳ መንግሥት በዓመት ለአንዳችን የሚያወጣው ገንዘብ፣ በገጠር ላለ ለአንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ከሚያወጣው ጋራ የሚወዳደር አይደለም። እኛ እዚህ የደረስነው በትጋታችን ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ከእርሱ ጋራ ፊደል ቆጥረው በመንገድ ስለ ቀሩት የሠፈሩ ልጆች ትንሽ ያስብ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ሠራተኛ እየከፈሉ ሕፃናት ባሉበት ቤት ወላጅን የሚያማክሩበት፣ ልጅን የሚያጫውቱበት ሥራ በአገራችን እንዲስፋፋ ከመንግሥት በጀት ገንዘብ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የሚጠየቀው ገንዘብ በቅድሚያ ለሦስት ነገር መሆን አለበት፤ ለአማካሪዋ ደመወዝ፣ አንዲት አማካሪ የምትይዛቸው ሕፃናት ጥቂት እንዲሆኑ፣ እርስዋንም የምትደግፍ ሱፐርቫይዘር እንድትኖር። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ማስፋፋት በሪፖርት ላይ ብዙ ቤት ያስቆጥር ይሆናል እንጂ ሕፃኑን አይጠቅመውም።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ራሱ ጥቂት እንበል። የሰው ልጅ አንጎል ከማናቸውም ዕድሜ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ከአዋቂ ሰው አንጎል መጠን ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን ይዞ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ምግብ የጎደለበት፣ በሽታ የደጋገመው፣ የሚያነጋግረውና የሚያጫውተው ሰው ያጣ ልጅ በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቶ ይገባል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል፤ እርሱም ያምናል። እኛ ስለ ትምህርት ጥራት የምንከራከረው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ፈተናው ግን ለብዙዎች የተጀመረው ገና መናገር ሳይጀምሩ ነበር።

በአገራችን የዚህ ጉዳት ልክ በአንድ ቁጥር ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 58ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች አጥረው፣ ማለት ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሠራውን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚቀነጭርበት አገር ገና አርፎ የሚቀመጥ አገር አይደለም።

እንግዲህ የቤት ለቤት ጉብኝት ምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በእነሳሊ ግራንታም ማክግሪገር መሪነት አንድ ጥናት ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል ተጨማሪ ምግብ፣ ለሁለተኛው በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት የቤት ጉብኝት፣ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጠ፤ ለአራተኛው ከሁለቱ አንዱም አልተሰጠም። ጉብኝቱ ለሁለት ዓመት ቆየ። ወደየቤቱ የሚሄዱት ሴቶች በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ረዳቶች ነበሩ እንጂ ባለ ዲግሪዎች አልነበሩም። መጫወቻውም በቤት ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቹ ተፈልገው ሲገኙ፣ ጉብኝት የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ምግብ ብቻ ያገኙት ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ጥቅም አልታየባቸውም።

«ጃማይካ ትንሽ አገር ነው፤ 129 ሕፃንም ትንሽ ቁጥር ነው» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እውነት ነው። ስለዚህ ወደ ፓኪስታን እንሂድ። በሲንድ ክፍለ ሀገር በ1,489 እናቶችና ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ይህን ሥራ የሰጠው «ሌዲ ኸልዝ ወርከር» ለሚባሉት የመንግሥት የገጠር ጤና ሠራተኞች ነው። እነዚህ ሴቶች የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመስላሉ። እናቶች ከልጆቻቸው ጋራ እንዲጫወቱና እንዲነጋገሩ ሲያስተምሩ የልጆቹ የማሰብ፣ የቋንቋና የእንቅስቃሴ ችሎታ ከሌሎቹ በልጦ ታይቷል። በእኛም አገር በጅማ፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ታመው ሆስፒታል በገቡ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ በጨዋታ የሚሰጥ ማነቃቂያ በሆስፒታልና ከዚያም በየቤታቸው ሲቀጥል በእንቅስቃሴ ችሎታቸው ላይ መሻሻል ተገኝቷል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል።

የእነዚህን አገሮች ስኬት ብቻ አውርቶ መሄድ ግን ለአንባቢ ታማኝነት አይሆንም። በኮሎምቢያ የጃማይካው ዘዴ በ96 ከተሞችና ወረዳዎች ወደ 1,420 ሕፃናት ተስፋፍቶ ነበር። ሥራው ለ18 ወር ሲካሄድ የልጆቹ ችሎታ አደገ። ጉብኝቱ ከቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ። በአሜሪካም መንግሥት ያዘዘው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውጤት ጥቅሙ አለ፤ ነገር ግን በአማካይ ትንሽ ነው ብሏል። ከዚህ የምንረዳው ጉብኝቱ እንደ ክትባት አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑን ነው። ጥቅሙ የተመሠረተው በየቤቱ በሚደረገው የአንድ ሰዓት ሥራ ጥራትና በጊዜው ርዝመት ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በችኮላ የተስፋፋው በችኮላ ይከስማል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው ተሰማሩ። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከውጭ አገር ሰዎች መጥተው የሚጠይቁት፣ እኛም በኩራት የምናወራው ሥራ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «የቤት ለቤት ጉብኝት ለምን አዲስ በጀት ያስፈልገዋል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እግረ መንገዷን ሕፃኑን ታጫውት» ይላሉ።

እስቲ እንቁጠር። አንድ ቀበሌ በግምት 5,000 ሰው አለው፤ ወደ 1,000 ቤት ማለት ነው። ሁለቱ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን አምስት ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢዞሩ በሳምንት 50 ቤት ያዳርሳሉ። እንግዲህ ቀበሌውን አንድ ጊዜ ለመዞር 20 ሳምንት ይፈጃል፤ ያውም ጤና ኬላው ተዘግቶ፣ ስብሰባው ቀርቶ፣ የክትባት ዘመቻው ተሰርዞ፣ መዝገቡ ሳይሞላ ነው። ሥራው ሲጀመር 16 ዓይነት የጤና ትምህርት ተሸክመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሸክሙ ተጨመረ እንጂ አልተቀነሰም። በዚህች ሴት ላይ በየሁለት ሳምንቱ የአንድ ሰዓት የሕፃን ጨዋታ መጨመር የተጫነችን በቅሎ እንደ ገና መጫን ነው። ቅጹን ትሞላዋለች፤ ሥራው ግን አይሠራም። ጥፋቱም የእርስዋ አይሆንም።

ሌሎች ደግሞ «በየመንደሩ የተደራጁት ሴቶች በነፃ ይሥሩት» ይላሉ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሴቶች የልማት ሠራዊት ስም የተሰለፉት እናቶች ያለ ደመወዝ ብዙ ሠርተዋል። ነገር ግን ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ፣ የራስዋን ልጆች አሳድራ የምትኖር ድኻ ሴት የሌላውን ልጅ ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ትከታተል ማለት መንግሥት ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ በእርስዋ ትከሻ ላይ ማዞር ነው። ለመንገድ ሥራ መሐንዲስ በነፃ ይምጣ የሚል ሰው የለም። ለሕፃን ሲሆን ነፃ ሠራተኛ የሚፈለገው ሥራው የሴት ስለ ሆነ ነው። ይህን አሳብ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ሊቃወመው ይገባል።

ሦስተኛዎቹ «የውጭ ርዳታ ድርጅቶች ይክፈሉት» የሚሉ ናቸው። ርዳታ ሥራን ለመሞከርና ለማስጀመር ይጠቅማል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ዳሩ ግን ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፤ ሕፃን ግን በየዓመቱ ይወለዳል። የኮሎምቢያው ታሪክ የሚያስተምረን ጉብኝቱ ሲቆም ጥቅሙም ሊከተለው እንደሚችል ነው። በመንግሥት በጀት ውስጥ የራሱ መደብ የሌለው ሥራ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም።

መንግሥት በዚህ ነገር ፖሊሲ የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2010 ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በአንድነት ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አንዱ የወላጆች ትምህርት፣ ሌላው ከፅንስ ጀምሮ የሕፃኑ ጤናና ማነቃቂያ ነው። በተግባር ፈጥኖ የተስፋፋው ግን በትምህርት ቤት ግቢ የሚከፈተው የዜሮ ክፍል ነው። ምክንያቱም ክፍልና መምህር በበጀት ውስጥ የታወቀ ቦታ አላቸው፤ ወደ ቤት የምትሄደው አማካሪ ግን የጤናውም የትምህርቱም የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳዩም ቢሮ ስትሆን የማንም አልሆነችም። ለገጠሩ ሕፃን ይህ የፖሊሲ ክፍል ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቅርብ ዓመታት ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን የሚያማክሩ ሠራተኞችን ማሰማራቱ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ብዙው ሕፃን ያለው ከአዲስ አበባ ውጭ ነው።

ታዲያ ማመልከቻው ምን ይበል? የሚያመለክተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የሚመረምረው የወረዳው ምክር ቤት ነው እንበል። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ የሚመጣ ጥያቄ የለቅሶ ያህል ነው። ለወረዳ የሚደርሰው ጥቅል ድጎማ አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅም የታወቀ ነው። እንዲህ በጠበበ ቦታ የሚቀርብ ጥያቄ ልኩን ያወቀ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ የት እንደሚጀመር በምክንያት ይናገር። በ5,000 ሰው መካከል ከሦስት ዓመት በታች ያሉት 400 ያህል ናቸው ብንል ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድረስ አይቻልም። በሴፍቲኔት ከታቀፉት ቤተሰቦችና የልጃቸው ክብደት ወይም ቁመት ወደ ኋላ ከቀረባቸው መካከል ወደ 100 የሚሆኑት ይመረጡ። አመራረጡም በግልጽ ተጽፎ በቀበሌው ይነበብ። ዘመድ ለዘመድ የሚጽፈው ዝርዝር ሥራውን ገና ሳይወለድ ይገድለዋል።

ሁለተኛ፣ ስንት አማካሪ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ያሳይ። አንዲት አማካሪ በቀን አራት ቤት፣ በሳምንት አራት ቀን ብትሄድ በሳምንት 16፣ በሁለት ሳምንት 32 ሕፃን ታያለች። አምስተኛው ቀን ለስብሰባና ለመጫወቻ ዝግጅት ይሁን። ለአንድ ቀበሌ ሦስት አማካሪ፣ ለአራት ቀበሌ 12 አማካሪና አንድ ሱፐርቫይዘር ይበቃል። በጠቅላላው 13 ደመወዝ፣ የሱፐርቫይዘሯ መጓጓዣ፣ ለጨርቅና ለቀለም ጥቂት ብር፣ 384 ሕፃን። ይህን ወረዳው ሊያስብበት ይችላል። «በሁለት ዓመት ወረዳውን በሙሉ እናዳርሳለን» የሚል ማመልከቻ ግን ወይ ውሸት ነው ወይ ሕልም ነው፤ ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛ፣ ኀላፊው ማን እንደ ሆነ በአንድ ስም ይጻፍ። ሦስት ጽሕፈት ቤቶች በአባልነት ይቀመጡ፤ ደመወዙን የሚከፍለውና ስለ ሥራው የሚጠየቀው ግን አንድ ይሁን።

አራተኛ፣ ምን እንደሚለካ ከወዲሁ ይወሰን። የተጎበኘ ቤት ቁጥር ብቻ ከተለካ አማካሪዋ በር ላይ ቆማ ፈርማ ትሄዳለች። ጉብኝቱ ሰዓቱን ሞልቶ እንደ ሆነ፣ እናቲቱ ራስዋ ልጁን ይዛ ተጫውታ እንደ ሆነ፣ ሱፐርቫይዘሯ በወር ስንት ጊዜ አብራ እንደ ሄደች ይመዝገብ። የልጆቹም ዕድገት በመጀመሪያና በየዓመቱ ይለካ።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ለቤት ጉብኝት ለየግዛቶቹ ገንዘብ ሲመድብ፣ እያንዳንዱ ግዛት ችግሩ የበረታባቸውን አካባቢዎች አጥንቶ እንዲያሳይ፣ አብዛኛውን ገንዘብ በጥናት በተረጋገጠ ዘዴ ላይ እንዲያውል፣ ውጤቱንም ለክቶ እንዲያቀርብ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሕጉ ሲታደስ በዓመት 400 ሚሊዮን ዶላር የነበረው መደብ ደረጃ በደረጃ እስከ 2027 ድረስ ወደ 800 ሚሊዮን እንዲያድግ ተወሰነ፤ ለተጨማሪው ገንዘብም ግዛቶቹ ከራሳቸው 25 በመቶ እንዲያዋጡ ታዘዘ። ገንዘባቸውን ልንወዳደር አንችልም። ማስረጃ የሌለው ጥያቄና ልኬት የሌለው ወጪ ይቅር የሚለውን ደንብ ግን ብንወስደው ዋጋ አያስከፍለንም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀራል። «እናቶቻችን ያለ አማካሪ አሳድገውን የለምን?» ይባላል። አሳድገውናል። እሹሩሩ ሲሉን፣ ተረት ሲነግሩን፣ እንቆቅልሽ ሲጠይቁን ያደረጉት ዛሬ ሊቃውንት ማነቃቂያ የሚሉትን ነው። ስለዚህ አማካሪዋ እናትን ልታርም የምትሄድ አለቃ መስላ ከታየች ሥራው ተበላሸ። የምትሄደው እናቲቱ የምታውቀውን ጨዋታ ከድካሟ በላይ እንድትጫወተው ልታግዛት፣ አባትየውም ልጁን እንዲያነጋግር ልትጠራው ነው። ለጋ እናት ከዘመድ ርቃ በምትኖርበት፣ አያት በሌለችበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኛስ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፣ ብዙዎቹም በማስተማር አገልግለዋል። ዛሬ ያ ግዴታ የለብንም። በክረምት ለሁለት ወር ሄደን ሕፃናቱን እንጎብኝ ማለትም አይበጅም። ሕፃን የለመደው ሰው ሲጠፋበት ያዝናል፤ ሥራውም ሁለት ዓመት የሚቆይ ሰው ይፈልጋል። እኛ የምንችለው ሌላ ነው። የጤና ተማሪ ሕፃናቱን መዝኖ ይመዝግብ፤ የሳይኮሎጂ ተማሪ የልኬቱን መጠይቅ በአካባቢው ቋንቋ ያሰናዳ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የ13ቱን ደመወዝ ወጪ ለአምስት ዓመት ያስላ፤ የሕግ ተማሪ ማመልከቻው በየትኛው በር እንደሚገባ ይመርምር። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ የሚያጣው ይህንኑ ነው። የተማሪዎች ኅብረትም ከየተወለድንበት ወረዳ አንድ አንድ የተሟላ ማመልከቻ ከየካቲት በፊት እንዲዘጋጅ ቢያስተባብር ከብዙ መፈክር የበለጠ ሥራ ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። ምክር ቤቱ ጥያቄውን ሲመረምር «ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀርበው መልስ «ታዲያ ለምን ለምን አለ?» የሚል ነው። በጀት ማለት ማንን እንደምናስቀድም የሚናገር ጽሑፍ ነው። ተማሪ ሲጮህ ይሰማል፤ ነጋዴ ሲያኮርፍ ይሰማል፤ የመንግሥት ሠራተኛም ደመወዝ ሲያንሰው ይሰማል። የሁለት ዓመቱ ሕፃን ልቅሶ ግን ከጎጆው ግድግዳ አያልፍም። ድምፅ ያለን እኛ የራሳችንን ድርሻ ስንጠይቅ የእርሱንም በዚያው ወረቀት ላይ እንጻፍለት።